ባለ ጃንጥላው ጫማውን ሲያወልቅ

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ አንዴ እየዘነበ አንዴ እያባራ በሚያላግጥብን ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ዮናስ ሳይደውል መጣ። ዮናስ ሳይደውል የሚመጣ ልጅ አይደለም። ሥራው ሀዋሳ ነው፤ ሲመጣ ቀደም ብሎ ይነግረኛል፣ አሳ አስጠብሺልኝ ብሎ ያዘኛል፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ግን ሚስቱን አስከትሎ በሩ ላይ ቆመና "ናፍቀሽን ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ናፈቅሽኝ ብሎ የመጣን ልጅ ለምን መጣህ አይሉትም።

ትንሽ ቆይታ ጎረቤቴ አልጋነሽ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ገባች። አልጋነሽ የእሁድ ከሰዓት እንቅልፏን ለሠርግ እንኳ የማትሰጥ ሴት ናት። "ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብላ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔም ቤቴ ሲሞላ ስለምወድ ብዙም አላሰብኩበትም።

"እማዬ፣ አንድ ነገር አግኝቼልሻለሁ" አለ ዮናስ። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና ጥቂት ነካካው። አንድ የማውቀው ሙዚቃ ተሰማ፤ የተበላሸ አኮርዲዮን የመሰለ፣ ጀምሮ የሚተው ሙዚቃ። ከዚያ ሰውዬው ብቅ አለ። ሸንበቆ የመሰለ ረጅም፣ ኮቱ የሰፋበት፣ ቤት ውስጥ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ የቆመ ሰው።

"ባለ ጃንጥላው!" ብዬ ጮህኩ። "ሰኒ ትሙት፣ ራሱ ነው! ምነው ሰኒ ብታየው!"

ሰኒ ታናሽ እህቴ ሠናይት ናት። አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። በዚያ ሳምንት በደወልኩ ቁጥር ልጇ "አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት፣ አክስቴ" እያለች ትመልሰኝ ነበር። መተኛቷ ደግ ነው፣ እያገገመች ነው ብዬ ነበር። ዮናስም "ነገ እንደውልላታለን" አለኝ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሰውዬውን ካየሁት ዕድሜ ሆኖኛል። እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ ግን ያው ነው፤ አንድ ፀጉር አልሸበተም። ልጆቹ ፊልሙን ሲያዩ እኔ በሐሳቤ ወደ ልጅነት ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ከድር ሳሎን ተመለስኩ።

ያደግነው በጋሞ ቆላ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ነው። ሲቀላን የሚያውቅ ሙቀቱን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ማንጎ ሥር ያልተቀመጠ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች በደጃችን ሲያልፉ የሙዙ ሽታ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ዛሬም ያንን ሽታ መንገድ ላይ ሳገኘው ቆም እላለሁ።

ጋሽ ከድር የጨርቅና የስኳር ነጋዴ ነበር። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ እኛው መሀል ያረጀ፣ ጋሞኛውን ከብዙዎቻችን አሳምሮ የሚናገር፣ የእድራችንን ድንኳን መጋዘኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። የሰፈሩን የመጀመሪያ የቪዲዮ ማጫወቻም ያመጣው እሱ ነው። ካሴቱን የሚልክለት ጅዳ የሚኖር የሚስቱ ወንድም ነበር። ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሌላው ሰው ዘመድ ከዓረብ አገር የህንድ ፊልም ሲልክ፣ የእሱ የላከው እግርና ራሱ የማይለይ የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ ነው። ያውም አንድ ላይ አይልክም፤ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ ካሴት ይደርሰናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር አጠገብ ባለች ትንሽ የፈረንጅ ከተማ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ይጠፋል። ሊፈልገው ከሌላ አገር አንድ መርማሪ ይመጣል። በዚያች ከተማ ዝናብ የሚዘንበው ደጅ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ መርማሪው ጃንጥላውን ሲገባ የሚዘረጋው፣ ሲወጣ የሚያጥፈው ለዚያ ነው። የከንቲባው ጥላ ከራሱ ከከንቲባው ዘግይቶ ይደርሳል። አንድ ፈረስ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እንዴት እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። መርማሪው ሰው ከመጠየቁ በፊት ወንበር ይጠይቃል፤ ወንበሩ ፊት ተንበርክኮ "ትናንት ማን ተቀመጠብህ?" ይላል። እኛ መጀመሪያ ስንስቅ ቆይተን በኋላ ወንበሩ ምን ይመልስ ይሆን እያልን ጆሯችንን አቀናን።

ይህ ሰው ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ሰው ሲያወራ የሚያወራውን አያይም፤ የሚሰሙትን ነው የሚያየው። ዓይኑ በቤቱ ውስጥ ከሰሚ ወደ ሰሚ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ሞት ያለበት ቤት ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ያወልቃል። አንድ አሮጌ መርከበኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ሳለ፣ የቤቱ ሰዎች ተኝቷል ብለው ሻይ ሲያቀርቡለት፣ መርማሪው ከደጃፉ ጫማውን አውልቆ ገባ። ያኔ ነው ልማዱን ያወቅነው።

"ሰውዬው እስላም ናት እንዴ?" አለች እትዬ ወርቄ፣ እኛም ሁላችን በጋሽ ከድር ምንጣፍ የተነሳ ጫማችንን በር ላይ ከምረን ስለነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ከድርም "አልሐምዱሊላህ! ምንጣፍ የሚያከብር ፈረንጅ አየሁ" አለ።

እትዬ ወርቄ ጎረቤታችን ነበረች። ከገረሴ ደጋ በትዳር ወርዳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ከኩልፎ ሙዝ እያመጣች ገበያ የምትቸረችር ሴት ናት። አማርኛን ካደገች በኋላ ስለለመደችው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ማድረግ ይቀናታል፤ ማናችንም አናርማትም፣ እንዲያውም እንደሷ ስናወራ እንገኛለን። ሴት ልጇ አማረች ካምባ ተድራለች። ወንዱ በቀለ ጋሪ ይነዳ ነበር። ሙዝ ጭኖ በደጃችን ሲያልፍ ከላይ አንድ ዘለላ ገንጥሎ ለሰኒ የሚወረውር፣ ፉጨቱ ከሩቅ የሚታወቅ ልጅ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነኝ የሚል መልእክት በሰው ይልክ ነበር። ከዚያ መልእክቱ ቀረ።

አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ በእንግሊዝኛ የሰፈሩ ኩራት ነኝ፣ ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱካ ተሰጥቶኝ እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ከሚናገሩት ግማሹ ያመልጠኛል። ያመለጠኝን ከራሴ እየጨመርኩ እሞላለሁ። ድራማው ራሱ የቅዠት ድራማ ስለሆነ ማንም አልነቃብኝም።

ሰኒ ደግሞ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ያልበቀሉላት ሕፃን ነበረች። ባለ ጃንጥላውን ካየች ወዲህ እረፍት አጣን። የእናቴን ጃንጥላ ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ በየደጃፉ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ያገኘችው ዱካ ፊት ትንበረከካለች። እትዬ ወርቄ ቤት ስትሄድ ዱካውን ተክታ የምትመልስላት እትዬ ወርቄ ነበረች። "ትናንት ማን ተቀመጠብህ?" ስትላት፣ ድምጿን አወፍራ "አንዲት ጥርስ የሌላት ልጅ! ሙዜን ሁሉ ጨረሰብኝ!" ትላታለች። ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ እስኪቀመጡ ይስቃሉ።

ለእትዬ ወርቄ ግን ያ ሁሉ ጉድ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ልጁ ተገኘ ወይ? ካሴቱ ባለቀ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ገና ነው ስላት ነጠላዋን እያጣፋች ትነሳና "ማሎ፣ ይፈልገው ብቻ። ፈላጊ ያለው ልጅ አይጠፋም" ትላለች። ማሎ በጋሞኛ እባክህ ማለት ነው። ማንን እንደምትለምን እኔ አላውቅም ነበር። መርማሪውን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ክራንች የያዘ ወጣት ጋሽ ከድር ሱቅ መጥቶ የእትዬ ወርቄን ቤት ጠየቀ። ጋሽ ከድር ፊቱን አይቶ ገባው። እጁን ይዞ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ወስዶ አስቀመጠውና ሻይ አቀረበለት። ከዚያ የበቀለ ጓደኛ እንደሆነ፣ በቀለ ሲወድቅ አጠገቡ እንደነበረ ሰማ። ወጣቱን ደብቆ አሳድሮ የእድሩን ሽማግሌዎች ጠራ።

መርዶ እኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። በመንገድ ላይ አይነገርም፣ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌውና ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይይዛል። በዚያን ሰሞን ደግሞ አማረች የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከካምባ መጥታ፣ ወሯ ገብቶ ነበር። እናት መርዶ ተረድታ ስትጮህ እርጉዝ ልጇ የት ትገባለች? ሽማግሌዎቹ አማረች በሰላም እስክትገላገልና ሰውነቷ ጠንከር እስኪል ይቆይ አሉ። ሴቶቹ በየተራ እኛ ቤት ጓዳ እየገቡ ያለቅሳሉ፤ እናቴ ውኃ በጣሳ ይዛ "ፊታችሁን ታጥባችሁ ውጡ" እያለች ታሰናብታቸዋለች።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ከድር ሱቁ ጠራኝ።

"አስቱ፣ ያ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ መጨረሻው ምንድን ነው?"

"አላውቅም ጋሽ ከድር። ካሴቱ ገና አልመጣም እኮ።"

"ቢሞትም እንዳይሞት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ፣ "ለምን ካሴቱን አናቆመውም?" አልኩት።

"ብናቆመውማ 'ምን ሆናችሁ?' ትላለች። መርዶ የያዘ ሰፈር ልማዱን አይቀይርም፣ ልጄ። እንደወትሮው እንሰበሰባለን፣ እንደወትሮው እንስቃለን። አንቺ ብቻ ያንን ልጅ ጠብቂልን።"

እንዲህ ሆኖ የአንድ የማላውቀው የፈረንጅ ልጅ ሕይወት እኔ ምላስ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያሉትን እሁዶች በሙሉ ፈርቼ ነው ያሳለፍኩት። የከተማው ሰው "ሞቷል" ሲል እኔ "ሩቅ አገር ሄዷል" እላለሁ። ቄሱ ሲጸልይ "ለመንገደኛ ነው የሚጸልየው" እላለሁ። መብራት ሲጠፋ በውስጤ እግዜርን አመሰግናለሁ። ሰዎቹ መብራት ኃይልን ከመራገም ይልቅ ተመስገን ብለው ወደ ቤታቸው የገቡት በዚያ ዘመን ብቻ ነው። እትዬ ወርቄ ብቻ "ምነው ዛሬ ደግሞ!" እያለች ትነሳለች።

አንድ እሁድ ግን መብራቱ አልጠፋም። የበልግ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጠጠር የሚገለበጥ ይመስላል። ያን ቀን አማረችም ቤት መቀመጥ ሰልችቷት መጥታ፣ ጋሽ ከድር ራሱ ትራስ አመቻችቶላት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የተቀቀለ በቆሎ በሳፋ ይዞራል። ሰኒ እትዬ ወርቄ ጭን ላይ ናት።

ባለ ጃንጥላው ወደ ዳቦ ቤቱ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ውስጥ ይዘንባል። እሱ ግን ጃንጥላውን አጠፈውና ግድግዳውን አስደግፎ አስቀመጠው። እንዲህ ሲያደርግ አይተነው አናውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ሴትዮዋ እስከ ክንዷ ዱቄት ነች። ቀና ብላ አየችው። እሱ አንድ ነገር አላት፤ አጭር ነገር ነው። ዝናቡ በረታ፣ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሴትዮዋ ሊጡ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

እኔም ሳላስብ "ተገኘ!" አልኩ። "ልጅሽ ተገኝቷል፣ በመርከብ እየመጣ ነው ነው ያላት። ከደስታ የተነሳ ነው የምታለቅሰው።"

የጋሽ ከድር ሚስት "እሰይ!" አለች ድምጿ እየተሰበረ።

"ጫማውን ለምን አወለቀች ታዲያ?" አለች እትዬ ወርቄ።

እትዬ ወርቄ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። ቴሌቪዥኑን አይደለም ያየችው፣ እኔንም አይደለም። ከኋላዋ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ጋሽ ከድርን፣ ሚስቱን፣ እናቴን። መጨረሻ ላይ አማረችን አየች። አማረች በዳቦ ጋጋሪዋ ደስታ እንባዋ እየወረደ ቴሌቪዥኑን ታያለች።

"ዱቄቱን እንዳይረግጠው ነው!" አለች ሰኒ ከእትዬ ወርቄ ጭን ላይ ሆና። "እትዬ፣ መሬቱ ዱቄት ነው እኮ! ጫማው ጭቃ ነው!"

እትዬ ወርቄ ጎንበስ ብላ የሰኒን አናት ሳመች። "እውነትሽን ነው፣ ልጄ። ዱቄት ነው" አለች።

ስንወጣ በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የራሷን አንዱን አንስታ፣ በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆመች። በአጠገቧ ሳልፍ ጉንጬን ዳበሰችኝና "ደህና አድርገሽ ተረጎምሽ" አለችኝ። እኔ ተሞገስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ አማረች ወንድ ልጅ ተገላገለች። እልልታውን ያስነሳችው እትዬ ወርቄ ናት፤ ከኛ ቤት ሆነን ሰማናት። ገንፎውን ራሷ አገነፋች፣ ቅቤውን ራሷ መሀሉ ላይ አፈሰሰች፣ መጥቶ ለጠየቀ ሁሉ እየሳቀች አቀረበች። ሰኒን ሕፃኑን አሳቅፋ "ባለ ጃንጥላዋ እንዲህ ናት፤ ጥርስም የላትም፣ ጫማም የላትም" አለቻት። እኛ ሴቶቹ ቀና ብለን ማየት ከበደን።

"ስሙ ማን ይባል?" አለች እናቴ፣ ዝም ከማለት ብላ።

"ምትኩ" አለች እትዬ ወርቄ።

ገንፎ የያዙት እጆች ሁሉ ቆሙ። ምትኩ ተብሎ ስም የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ በእግሩ ለተተካ ልጅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። አማረችም ታውቃለች። "የማን ምትክ፣ እማዬ?" አለቻት ካልጋው ቀና ብላ።

"የአባቴ ነዋ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ወንድ መቼ ተወለደ? ዓይኑን እይው፣ የአባቴ ዓይን ነው" አለችና ሕፃኑን አንስታ ፊቷን ፊቱ ላይ ደፋች። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

ታውቃለች ማለት ነው ተባለ። ታዲያ መሄዱ ምን ያደርጋል የሚልም ነበር። ጋሽ ከድር ግን "ሥርዓቱን አንነፍጋትም" አለ። አማረች ጠንከር ካለች በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄድን። እኔ የአማረችን አጠገብ እንድይዝ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። የእትዬ ወርቄ የግቢ በር ክፍት ነበር። ግቢው ተጠርጓል፣ መጥረጊያው የጫረው መስመር መሬቱ ላይ ይታያል። አግዳሚ ወንበሮቹ ወጥተው ተደርድረዋል። እሷ ነጠላዋን ለሀዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ተቀመጡ" አለች። "በዚያ ዝናብ ቀን ነው ያወቅኩት። ባለ ጃንጥላዋ የሚያወራውን ሰው አታይም፣ የሚሰማውን ነው የምታይ። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። አንድ ሰው ቴሌቪዥን የሚያይ የለም። ሁላችሁ እኔን ታያላችሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን፣ ወርቄ?" አለ ጋሽ ከድር።

"እናንተ ለኔ ደበቃችሁ። እኔ ለአማረች ደበቅኩ። ምኑ ነው ብቻዬን? አብረን ነው የተሸከምነው።" ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "አሁን ንገሩኝ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ "ካወቅሽማ ምን..." ብሎ ጀመረ።

"ማወቅና መነገር አንድ ነው እንዴ? ካልተነገረኝ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ? ማሎ፣ ንገሩኝ!"

ጋሽ ከድር ቆቡን አውልቆ ወደ እሷ ተራመደ። "ልጅሽ በቀለ አርፏል፣ እህቴ። አላህ ያጽናሽ" አላት። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠችና ያጠራቀመችውን ሁሉ አለቀሰችው። ጩኸቷን የሰማ ባለጋሪ ሁሉ መንገዱ ላይ ጋሪውን እያቆመ ገባ። ሰኒ ከኋላችን አምልጣ መጥታ ኖሮ፣ እትዬ ወርቄ መሬት ላይ ስትንከባለል አይታ ከሷ እኩል ጮኸች። በቀለ ሙዝ የሚወረውርላት እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ በሀዘኑ ምክንያት ቴሌቪዥኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ፣ ካሴቶቹ ካርቶን ውስጥ ገቡ፣ ማንም መጨረሻውን አላየም። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ መርማሪ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምን እንዳላት ሳስብ ኖሬያለሁ። ሰኒም እያደገች ስትመጣ፣ በተገናኘን ቁጥር "ምን አላት ግን?" ትለኝ ነበር። እትዬ ወርቄ ከሞተች በኋላ እንኳ ጥያቄው በሁለታችን መሀል አልሞተም።

ያ እሁድ፣ ዮናስ ባገናኘልኝ ቴሌቪዥን ላይ፣ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው እየቀጠለ ወደ ማምሻው ላይ ያ ቦታ ደረሰ። እስከዚያ ቤቴ ሞልቶ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ "በዚህ ሳልፍ ድምፅ ሰምቼ" ብሎ ገብቷል፣ ሁለት የድሮ የሥራ ባልደረቦቼም ተቀምጠዋል። ሰው መጠራራቱ ደስ ብሎኝ ሻይ አፍሉ እላለሁ። ባለ ጃንጥላው ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆመ፣ ጃንጥላውን አጠፈ፣ ጫማውን አወለቀ። ጆሮዬን አቀናሁ። አሁን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ የለም፣ እንግሊዝኛውም አያመልጠኝም።

"ዛሬ ጋግረሻል?" ነው ያላት። ሌላ ምንም አላላትም። ያ ሁሉ ጉደኛ፣ ወንበር የሚያናግር፣ እሱም መናገር አቅቶት ኖሯል። ሴትዮዋ ያለቀሰችው በነገራት ነገር አይደለም፤ ያወለቀውን ጫማ አይታ ነው።

"ሰኒ ትሙት፣ ምንም አልነገራትም!" ብዬ እየሳቅሁ ወደ ኋላ ዞርኩ። "ዛሬ ጋግረሻል ወይ ነው ያላት! ነገ ለሰኒ..."

አንድም ሰው ቴሌቪዥኑን አያይም። አልጋነሽ፣ ጸሐፊው፣ የዮናስ ሚስት፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። ዮናስ ዓይኔ ሲያገኘው አንገቱን ደፋ።

የምንወደውን ሰው ስም ይዘን ትሙት እያልን የምንምለው አትሞትም ብለን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በሷ ስም ምያለሁ። የዚያን ሰዓት ግን ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፣ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እትዬ ወርቄ ትዝ አለችኝ። ለአማረች ስትል ብቻ ዝም እንዳለች ነበር እስከዚያ ቀን የማምነው። ለራሷም ነበር። ካልተነገረ ገና ነው፤ ልጇ ገና በስሙ የሚጠራ፣ ገና የሚፈለግ ልጅ ነው። እኔም ሰኒን ለዚያች ማታ ፈለግኳት። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሼ "ዮኒ፣ የሚቀጥለውን ክፈትልኝ እስቲ" አልኩት። ከፈተልኝ። ሰውዬው ወንበር ፊት ሲንበረከክ እንደወትሮዬ ሳቅሁ፤ አልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አብራኝ ሳቀች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ግቢውን ጠርጌ፣ አግዳሚውን አውጥቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስጠብቃቸው ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጫማቸው ጭቃ ነው። አንድ በአንድ ደጃፉ ላይ እያወለቁ ገቡ።

"ተቀመጡ" አልኳቸው። "አሁን ንገሩኝ።"